ሥራን ይዞ ባሕር ማዶ መክረም



ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው ባሕር ማዶ እንግዳ ነገር አይደለም። አውሮፕላን ሳይለመድ በፊት ከወሎ ለሐጅ የሚነሳ ሰው ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ወርዶ በመርከብ ይሻገር ነበር፤ ሄዶ እስኪመለስም ወራት ይፈጅበት ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ ብዙ ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በጅቡቲና በኦቦክ አድርገው፣ የመንን ረግጠው ለሥራ ሳዑዲ ዐረቢያ ሲገቡ ኖረዋል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ (እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013) የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የማያንሱ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸው ይታወሳል።

እነዚህን መንገደኞች ሁሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሥራውና ሰውየው ሁልጊዜ አብረው ነበሩ። ሥራው ሪያድ ከሆነ ሰውየው ሪያድ ይሄዳል፤ ሥራው ቆቦ ከሆነ ቆቦ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት መንገደኛ መጥቷል። አሠሪው በአንድ አገር፣ እሱ በሌላ አገር ሆኖ፣ ሙሉ የሥራ ቀኑን በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት እየሠራ ባሕር ማዶ የሚከርም መንገደኛ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ እሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አንድ የቆቦ ልጅ ነው እንበል። ተምሮ፣ በአዲስ አበባ ላለ ድርጅት የሂሳብ ሥራ ይሠራል። ሥራው ሁሉ በኮምፒዩተር ነው። እናቱን ዑምራ ሊያደርሳቸው፣ ከዚያም ጅዳ በምትኖረው እህቱ ቤት ሁለት ሦስት ወር አብሯቸው ሊከርም ይመኛል። የዓመት ፈቃዱ ግን አይበቃውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ለሚያገለግለው ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመርለታል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ከ18 ቀን አያልፍም። ስለዚህ ልጁ፣ «ኮምፒዩተሬን ይዤ ልሂድ፤ ለሥራው ጅዳም አዲስ አበባም አንድ ነው» ይላል።

ይቻላል ወይ? ደመወዙስ ሐላል ይሆንለታል ወይ? እናቱስ የልጃቸውን ኺድማ ያገኛሉ ወይ? መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አንድን ሰዓት ለሁለት መሸጥ አይቻልም። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሰዓቱን የሸጠና ሥራውን የሸጠ

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ቅጥር ሲያስተምሩ ተቀጣሪን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው «አጂር ኻስ» ይባላል። ይህ ሰው ለአንድ አሠሪ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ነው፤ የሸጠው ጊዜውን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሌላ ሰው ሊሠራ፣ ወይም ለራሱ ጉዳይ ሊያውለው አይገባም። ሁለተኛው «አጂር ሙሽተረክ» ይባላል። ይህ ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊው ለሚመጣው ሁሉ የሚሠራ ነው፤ የሸጠው ሥራውን እንጂ ሰዓቱን አይደለም። ልብሱን በተባለው ቀን ካስረከበ፣ ሌሊት ይስፋው ቀን ይስፋው ጠያቂ የለበትም።

ይህን የራያ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ማሽላው ሲያሽት ወፍ እንዳይጨርሰው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ እንዲቆም የተቀጠረው ልጅ የሸጠው ሰዓቱን ነው። ከማማው ወርዶ ገበያ ከዋለ፣ ማታ ተመልሶ ሁለት እጥፍ ቢጮህም የበላው ወፍ በልቶ ሄዷል። ማሽላውን በቁርጥ ሊያጭድ የተዋዋለው ሰው ግን ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ሥር አርፎ በጨረቃ ቢያጭድ ማንም አይወቅሰውም። ሁለቱም በአንድ ማሳ ላይ ይሠራሉ፤ የተሸከሙት አማና ግን ይለያያል።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ይዞ ሊሄድ ያሰበ ወንድም ወይም እህት መጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው፣ «እኔ የማማው ልጅ ነኝ ወይስ አጫጁ?» ብሎ ነው። ደንበኛ ሲደውል የሚያነሳ፣ ስብሰባ የሚገባ፣ በሰዓቱ መገኘት ያለበት ሰው የማማው ልጅ ነው። ወሩ ሲያልቅ የተሰራ ሂሳብ፣ የተተረጎመ ጽሑፍ፣ የተዘጋጀ ንድፍ የሚያስረክብ ሰው ወደ አጫጁ ይጠጋል። ብዙው ሠራተኛ ግን ከሁለቱም የተቀላቀለ ነውና ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

የአገራችን ሕግም ለዚህ በር አለው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረው ስለሚሠራበት ውል ይናገራል። ይሁን እንጂ ከአሠሪው ጋር ሳይነጋገሩ «በራሴ በመረጥኩት ቦታ» ማለት አይቻልም። አለቃው አዲስ አበባ ነው ብሎ የሚያስበውን ሠራተኛ ጅዳ ሆኖ «ቤት ነኝ» ማለት ውሸት ነው፤ ሥራው ሳይጓደል ቢቀር እንኳ ውሸትነቱ አይቀርም። በቁርኣን አል-ማኢዳ ምዕራፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ምእመናንን በውሎቻቸው እንዲሞሉ ያዛል። አል-ሙጠፊፊን ምዕራፍም ሲቀበሉ አሙልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ደመወዙን ሙሉ ተቀብሎ ሰዓቱን አጉድሎ የሚሰጥ ሰው ከእነዚያ ሰፋሪዎች በምን ይለያል?

የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጠናል። አል-ቀሶስ ምዕራፍ እንደሚተርከው፣ ከግብፅ ወጥተው መድየን በደረሱ ጊዜ በእንግድነት አገር ተቀጠሩ። ለቅጥር የታጩትም በሁለት ባሕርይ ነው፤ በብርታትና በታማኝነት። ውሉ ስምንት ዓመት ነው፤ አሥር ቢሞሉ በፈቃዳቸው ነው ተባለ። ጊዜው ተነግሯል፣ ምርጫው ተለይቷል፣ አላህም (ሱ.ወ.) ምስክር ተደርጓል። የስደት አገር ውል እንዲህ ጥርት ያለ ነበር።

ነጋዴውና ተቀጣሪው

አንዳንድ ሰዎች፣ «በሐጅ እንኳ መነገድ ተፈቅዶ የለ? እኔ በዑምራ መሥራቴ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ተፈቅዷል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ዑካዝ፣ መጀናና ዙል መጃዝ ከኢስላም በፊት የታወቁ ገበያዎች ነበሩ። ሙስሊሞች በሐጅ ወቅት መነገድ ኃጢአት እንዳይሆንባቸው በፈሩ ጊዜ፣ የጌታቸውን ችሮታ መፈለጋቸው ኃጢአት እንደሌለበት የሚገልጸው የአል-በቀራ ምዕራፍ 198ኛው አንቀጽ ወረደ።

ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። ነጋዴው የሰዓቱ ጌታ ነው። አዛን ሲሰማ መደብሩን ይዘጋል፤ ጠዋፍ ሲያምረው ሚዛኑን ያስቀምጣል፤ ቢከስር የሚከስረው ራሱ ነው። ተቀጣሪው ግን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ያለውን ጊዜ አስቀድሞ ሸጦታል። ለነጋዴው የተፈቀደውን ሥራ መሥራት ለእሱም ተፈቅዷል፤ የነጋዴውን ነፃ ሰዓት ግን አላገኘም።

ስለዚህ ብልህ ሰው የዓመት ፈቃዱን በየሜዳው አይበትነውም። ለአላህ ብቻ ሊሰጥ የሚገባውን ቀን ለይቶ ፈቃዱን በዚያ ላይ ያውለዋል። የሐጅ ዋና ሥራዎች ከዙል ሒጃ 8 እስከ 13 ያሉ ቀናት ናቸው። 9ኛው ቀን ዐረፋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ዉቁፍ የሐጁ ምሰሶ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ከአለቃ ጋር መልእክት መለዋወጥ ምን ያህል ኪሳራ ነው! 16 ቀን ለእነዚህ ቀናት ይበቃል። ዑምራ ለሄደም የመድረሻውን ቀን፣ የዑምራውን ቀን፣ ረመዳን ከሆነም የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ተከትለው የሚመጡትን ጥቂት ቀናት በፈቃድ መውሰድ ይቻላል። የቀረውን ጊዜ ሥራውን በሙሉ ልቡ ይሥራ።

ቆቦና መካ በአንድ ሰዓት

ለቆቦ ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቆቦና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ከ39 ዲግሪ ተኩል አለፍ ብለው ይገኛሉ። ቆቦ ላይ ቆሞ ወደ ቂብላ የሚዞር ሰው በቀጥታ ወደ ሰሜን ይዞራል ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀትም 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ የአዲስ አበባ ቢሮ ሲከፈት ጅዳም ያው ሰዓት ነው። ዙህርም በሁለቱ ከተሞች በተቀራረበ ጊዜ፣ በምሳ ሰዓት አካባቢ ይገባል። ዐስር በሥራ ሰዓት ውስጥ ይውላል፤ መግሪብና ዒሻ ከሥራ በኋላ ናቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው በጁምዓ ነው። ሳዑዲ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። እህቱና ቤተሰቧ ዓርብ ሲያርፉ እሱ ሥራ ላይ ነው። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዕረፍት መስጠት የተለመደ ነው፤ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ግን ይህን አስቀድሞ ከአለቃው ጋር መጨረስ አለበት።

ርቀቱ ሲጨምር ነገሩ ይከብዳል። ማሌዥያ የሄደ ሰው ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። የአዲስ አበባ ቢሮ ሲከፈት እዚያ ከቀኑ 7፡30 ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ከሌሊቱ 4፡30 ሲሆን መግሪብና ዒሻ በሥራ መሀል ይገባሉ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና ሥራውን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ሌሊቱን በሙሉ ሠርቶ፣ ቀን ዘመድ ሊጠይቅ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሱብሕ ላይ የሚነቃ ዓይን አይኖረውም። አን-ነበእ ምዕራፍ ሌሊት ለመሸፈኛ፣ ቀን ለመተዳደሪያ መደረጉን ይነግረናል። ለአንድ ሳምንት የሚቻለው ለሦስት ወር ላይቻል ይችላልና ከመሄድ በፊት ሰዓቱን በወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት ይገባል።

መንገደኛ ነህ ወይስ ነዋሪ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «መንገደኛ ነኝ» እያለ ሦስት ወር ሙሉ ሶላቱን ያሳጥራል፤ ከዚያም አልፎ ስብሰባ ስላለበት ዙህርን ከዐስር ጋር ያገናኛል። በወሎ ደረሳ ቤቶች የሚታወቁት ሁለቱም መዝሀቦች ይህን ለይተው አስቀምጠዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር በአንድ ቦታ አራት ቀን ለመቀመጥ የወሰነ ሰው መንገደኛነቱ ያበቃል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። ጅዳ ሦስት ወር ሊከርም ነይቶ የሄደ ሰው በሁለቱም ዘንድ እንደ ነዋሪ ነው። ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል፤ ረመዳን ከገባ ይጾማል፤ ጁምዓም ይመለከተዋል። የሥራ ብዛት ሶላትን ለማሳጠር ምክንያት አይሆንም። የራሱ ሁኔታ ለየት ያለበት ሰው የሚቀርበውን ዓሊም ይጠይቅ።

የሚሄድበት አገር ሕግ

የሌላውን አገር ድንበር በስምምነት የገባ ሙስሊም የቪዛውን ቃል መጠበቅ አለበት፤ ቪዛም ቃል ኪዳን ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 የዑምራ ቪዛን የቆይታ ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጋለች። ይህ ቪዛ ግን በዚያ አገር ተቀጥሮ ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። «ጊዜ ካገኘሁ እዚያው ሌላ ሥራ ልያዝ» ብሎ የሚያስብ ሰው የ2006ቱን ያስታውስ።

ለሩቅ አሠሪ በኮምፒዩተር ስለመሥራት አገሮች የተለያየ ደንብ አላቸው። እንግሊዝ ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ጎብኚ በአገሩ ያለውን ሥራ ከርቀት እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ የመጣበት ዋና ዓላማ ግን ሥራው መሆን የለበትም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የአንድ ዓመት ቪዛ አውጥታለች፤ የምትጠይቀው የወር ገቢ ግን 3,500 ዶላር ነውና ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2024 የራሷን ፈቃድ አስተዋውቃለች። በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ በኢንተርኔት መደወል የተገደበ ነው። ስለዚህ ሕጉን ከኤምባሲው፣ የሥራውን መገልገያ ደግሞ በዚያ አገር ካለ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ የአዋቂ ሥራ ነው።

ቤት የቀሩት

እስካሁን ስለ ሰዓት ተናገርን። በስልክና በኢንተርኔት የማይሠራ ሥራም አለ። የራያ ቆላ ገበሬ ይህን ያውቃል። ከምዕራቡ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው የሚያስገባው በቦታው የተገኘ ሰው ነው። ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሌሊት ቢመጣ ሌሊት ነው። ከጅዳ ስልክ ደውሎ ጎርፍ የሚጠልፍ ሰው አልታየም።

ስለዚህ ባሕር ማዶ የሚከርም ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ማዘጋጀት አለበት። ወኪል ያቁም። ዕዳውንና ሰው ዘንድ ያለውን ገንዘብ በጽሑፍ ያኑር፤ አል-በቀራ ምዕራፍ ውስጥ የሚገኘው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር መሆኑን አንርሳ። ለቤተሰቡ የሚበቃ ወጪ በእጃቸው ያስቀምጥ። «በየወሩ በባንክ እልካለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ለወራት ቆይተዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲቆረጥ የሚቀረው ጎረቤትና ወኪል ነው።

ትዳር ያለው ሰው ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ ጉዞውን አያራዝም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሚስት ባሏን ለምን ያህል ጊዜ ልትታገሥ እንደምትችል ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጠይቀው፣ የወታደሮችን ቆይታ በዚያ ልክ መወሰናቸው ተዘግቧል፤ በአንዳንድ ዘገባ አራት ወር፣ በሌላው ስድስት ወር ነው። ያ ለጂሃድ ለወጣ ሰው ከሆነ፣ ኮምፒዩተር ይዞ ለሚከርም ሰው ምን ሊባል ነው? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚነሳ የቅጣት ቁራጭ መሆኑን፣ ጉዳዩን የጨረሰ ሰውም ወደ ቤተሰቡ እንዲቸኩል አስተምረዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

አብረዋቸው የሄዱትንም እናት አንርሳ። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ኮምፒዩተር ላይ ከዋለ፣ ማታ ደግሞ ደክሞት ከተኛ፣ እናት ጅዳ ሄደው ያገኙት የተዘጋ በር ነው። ሰልማን (ረ.ዐ.) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ጌታህ፣ ነፍስህና ቤተሰብህ እያንዳንዳቸው ባንተ ላይ ሐቅ አላቸው፣ ለሁሉም ሐቁን ስጥ በማለት መክረውታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገሩን አጽድቀዋል። ባሕር ማዶ ሥራ ይዞ ለሚከርም ሰው ደግሞ አሠሪው በአራተኛነት ይጨመራል። አራት ባለ ሐቆች፣ አንድ ቀን!

ከመነሳት በፊት

ነገሩን ለማጠቃለል፣ ለመሄድ ያሰበ ወንድም ወይም እህት እነዚህን ይፈጽም፦

1ኛ. የት እንደሚሄድ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ለአሠሪው ነግሮ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበል።

2ኛ. ከተቻለ ለጉዞው ጊዜ ውሉን ከሰዓት ወደ ተለካ ሥራ እንዲያዛውርለት ይጠይቅ።

3ኛ. የዓመት ፈቃዱን ለዒባዳ ቀናትና ለእናቱ ያውል።

4ኛ. ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ማን ሥራውን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይወቅ፤ በመቋረጥ የባከነውን ሰዓትም በሌላ ቀን ይክፈል።

5ኛ. ቆቦ ለሚቀረው ቤት ወኪል፣ ወጪና የተጻፈ ሂሳብ ይተው።

6ኛ. አሠሪው ካልፈቀደ ጉዞውን ያሳጥር ወይም ያለ ክፍያ ፈቃድ ይጠይቅ። ሁለት ሳምንት ያለ ኮምፒዩተር ከእናት ጋር መሰንበት፣ ሦስት ወር በተዘጋ በር ከመክረም ይሻላል።

ከአሠሪዎችም የሚጠበቅ አለ። ሠራተኛው እውነቱን ሲነግራቸው በሩን ከዘጉበት ውሸትን ያስተምሩታል። የታመነ ሠራተኛ የትም ሆኖ የታመነ ነው፤ ያልታመነውም ከፊታቸው ተቀምጦ ሰዓት ይሰርቃቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሰዓታችንን ባለ በረካ ያድርግልን። የወጡትን በሰላም ይመልስልን፤ የቀሩትንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።